ከምላጩ በኋላ ያሉት ቀናት፦ የአንጀት ቀዶ ሕክምና፣ የማቅለሽለሽና የማገገም ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በ1902 ዓ.ም. ሰኔ ወር ለንደን ከተማ ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ መጫን ተሸልማ ነበር። ከየአገሩ መልእክተኞች ተጠርተዋል፤ ከኢትዮጵያም ራስ መኮንን ለዚሁ በዓል ተልከው ነበር። በዓሉ ሰኔ 26 ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ንጉሡ በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ በተዘጋጀ ጠረጴዛ ላይ ተኙና ሰር ፍሬድሪክ ትሬቭስ የተባለው ቀዶ ሐኪም ሆዳቸውን ከፍቶ በትርፍ አንጀት ዙሪያ የተቋጠረውን መግል አወጣላቸው። ዘውዱ የተጫነው ነሐሴ 9 ቀን ነው። በቀዶ ሕክምናው ማግሥት ንጉሡ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ሲጋራ ሲያጨሱ እንደታዩ ይነገራል። ይህችን ሲጋራ አስታውሷት፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለዚያ ቀዶ ሕክምና ብዙ ተጽፏል። ምላጩን ማን እንደያዘ፣ ማደንዘዣውን ማን እንደሰጠ፣ መግሉ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደተገኘ ማንበብ ይቻላል። የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ትረካው ሆድ ሲከፈት ይጀምርና ሆድ ሲሰፋ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያሉት አራት፣ አምስት፣ ሰባት ቀናት፣ ታማሚው ወደ ግድግዳው ዞሮ የሚያቅለሸልሽባቸው፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ከንፈሩ የሚደርቅባቸው ቀናት፣ ታሪክ ጸሐፊ የላቸውም። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ እነዚያ ቀናት ነው።

ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ ሰው ነኝ። ወደዚህ ርዕስ ያመጣችኝ እናቴ ናት። ከ15 ዓመት ገደማ በፊት አንጀቷ ተጠማዝዞ በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ ዳነች። ለሐኪሞቿ ያለኝ ምስጋና እስከ ዛሬ አልቀነሰም። አምስት ቀን ሙሉ ግን በአፍንጫዋ ወደ ጨጓራዋ የገባ ቱቦ ይዛ፣ ከንፈሯን በረጠበ ጨርቅ ከማራስ በቀር ምንም ሳትቀምስ ተኛች። በየጠዋቱ ሐኪሞቹ አልጋዋን ከበው የሚጠይቋት ጥያቄ አንድ ነበር፤ «እማማ፣ አየር ወጣልዎት?» ልጆቿ በተሰበሰቡበት ይህ ሲጠየቅ እናቴ በሃፍረት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስበው ነበር። በሦስተኛው ቀን እጄን ይዛ፣ «ቁስሉንስ ቻልኩት፤ ያቃተኝ ይህ ጉሮሮዬ ላይ ያለው ነው» አለችኝ። ያ ቱቦ ከየት መጣ? ጾሙስ? አየር ወጣ አልወጣ የሚለው ጥያቄ እንደ ፍርድ ቤት ብያኔ የሚጠበቀውስ ከመቼ ጀምሮ ነው? እያንዳንዳቸው የትውልድ ዘመንና የትውልድ አገር ያላቸው ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ከማደንዘዣ እንጀምር። በጥቅምት 1846 ዓ.ም. ቦስተን ውስጥ ኢተር በሕዝብ ፊት ተሞክሮ ታማሚው ሳይጮኽ ሲቀደድ፣ በዓመቱም ኤድንብራ ውስጥ ጄምስ ያንግ ሲምሰን ክሎሮፎርምን ሲያስተዋውቅ (ኤድንብራ፣ ኋላ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ሕክምና የተማሩባት ከተማ ናት) የሰው ልጅ አንድን ጥንታዊ ፍርሃት አሸነፈ። በምትኩ ሌላ ጣጣ ገባ፤ ታማሚዎቹ ሲነቁ ያስታውካሉ። በኢተር ዘመን ከተኙት አብዛኞቹ በማስታወክ ይነቁ ነበር። ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1853 ዓ.ም. በወሊዷ ጊዜ ክሎሮፎርም የሰጠው ጆን ስኖው ስለዚሁ ማስታወክ ቀደም ብለው ከጻፉት አንዱ ነው። ይሁንና በዘመኑ ዓይን ጉዳዩ እንደ ትልቅ ነገር አልተቆጠረም። ሰው ሳይሰማው እግሩ ተቆርጦ በሕይወት ከነቃ በኋላ ቢያስታውክ ምን ይደንቃል? ይህ አስተሳሰብ ለመቶ ዓመት ያህል ዘለቀ ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ከሞት ጋር ሲነጻጸር ማቅለሽለሽ ምንጊዜም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ምንጊዜም ለነገ ይቀጠራል።

አንጀት ላይ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ግን ከማደንዘዣው የተለየ የራሱ ምስጢር ነበረው። የአንጀት ስፌት ራሱ ቀደም ብሎ ተገኝቷል፤ አንትዋን ሌምበር በ1826 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የአንጀትን ውጫዊ ገጽ ከውጫዊ ገጽ ጋር አገናኝቶ መስፋት ስፌቱ እንዳያፈስ እንደሚያደርግ አሳይቶ ነበር። ሆኖም በሚገባ የተሰፋ አንጀት እንኳ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለቀናት ዝም ይላል። አይንቀሳቀስም፤ የተዋጠ አየርና ፈሳሽ ይጠራቀምበታል፤ ሆድ ይነፋል፤ ከዚያ ማቅለሽለሹ ይመጣል። ለምን?

መልሱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በ1899 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ የውሻ አንጀትን እንቅስቃሴ ሲያጠኑ፣ ሆድ ሲከፈት አንጀት የሚቆመው ስለተጎዳ ሳይሆን ስፕላንክኒክ የተባሉት ነርቮች የ«ቁም» ትእዛዝ ስለሚያስተላልፉበት መሆኑን አዩ። እነዚያ ነርቮች ሲቆረጡ አንጀቱ እንደገና ይንቀሳቀሳል። እንግዲህ ዝምታው ሽባነት ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐርቫርድ ውስጥ ዋልተር ካነን በወቅቱ አዲስ የነበረውን ራጅ ይዞ ተነሣ። ድመቶችን ከቢስመት ጋር የተቀላቀለ ምግብ እያበላ ምግቡ በሆዳቸው ውስጥ ሲጓዝ ያይ ነበር። በ1906 ዓ.ም. ከፍሬድ መርፊ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ኢተሩም ቢሆን የሚያዘገይ መሆኑን፣ ከሁሉ በላይ ግን አንጀቱን በእጅ መነካካት ምግቡን ለሰዓታት እንደሚያቆመው አሳየ። ቀዶ ሐኪሙ አንጀቱን በጣቶቹ ሲያገላብጥ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከመቁረጡ ባልተናነሰ ይከብዳል ማለት ነው።

ካነን አንድ ሌላ ነገርም ትቶልናል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1905 ዓ.ም.፣ ሆድ ላይ ማዳመጫ አስደግፎ የአንጀትን ድምፅ በትዕግሥት ማዳመጥን የሚገልጽ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ዛሬ በየክፍሉ ሐኪሞች ሆድ ላይ ማዳመጫ አኑረው ድምፅ ሲጠብቁ የምታዩት ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ኋላ እንደታወቀው ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚነቁት የአንጀት ክፍሎች በአንድ ጊዜ አይነቁም። ቀጭኑ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ይነሣል፤ ጨጓራ በአንድና በሁለት ቀን፤ የመጨረሻው ሰነፍ ወፍራሙ አንጀት ነው፤ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል። እናቴ የተጠየቀችው ጥያቄ የመጨረሻውን ሰነፍ የሚጠብቅ ጥያቄ ነበር። ምግብ የሚቀበለው ቀጭኑ አንጀት ግን ነቅቶ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል።

አሁን ወደ ቱቦው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

በ1921 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ የሚኖር አብርሃም ሌቪን የተባለ ሐኪም በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ የሚወርድ ለስላሳ የጎማ ቱቦ አስተዋወቀ። ከዚያ በፊት የነበሩት ወፍራምና በአፍ የሚገቡ በመሆናቸው ለረጅም ጊዜ አይቆዩም ነበር፤ የሌቪን ቱቦ ግን ቀን ከሌሊት ሊቆይ ይችላል። ቱቦውን የአንጀት ሕክምና ምልክት ያደረገው ግን ሌላ ሰው ነው፤ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ክፍልን የመራው ኦወን ዋንገንስቲን። በዚያ ዘመን አንጀቱ የተዘጋበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እየነፋ፣ እያስታወከ፣ ውኃው አልቆ ይሞት ነበር። ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም የተነፋውና የተዳከመው ሰውነቱ ምላጩን አይችልም። ዋንገንስቲን በመስታወት ጠርሙሶች ውስጥ ውኃ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚፈጠረውን ቀስተኛ ስበት ከአፍንጫው ቱቦ ጋር አገናኘው፤ ጨጓራው ውስጥ የተጠራቀመው አየርና ፈሳሽ ሳያቋርጥ ይመጠጣል። በ1932 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ብቻ የተረዱ ሦስት ሕሙማንን ታሪክ አቀረበ።

ሰውየው በዚህ አልረካም። ሆዱን የሚነፋው አየር ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ። አንጀት ውስጥ ከሚብላላው ምግብ ነው የሚለው ግምት የተለመደ ነበር። ዋንገንስቲን ከባልደረባው ጋር የውሾችን የምግብ ቧንቧ አንገታቸው ላይ ከፍቶ የተዋጠ አየር ወደ ሆድ እንዳይወርድ አደረገና አንጀታቸውን ዘጋ፤ ውሾቹ እንደ ሌሎቹ አልነፉም፤ ረዘም ላለ ጊዜም ኖሩ። ስለዚህ የሚነፋው አየር በአብዛኛው የምንውጠው ነው። ማቅለሽለሽ ያለበት ሰው ምራቁን እየደጋገመ ይውጣል፤ ከምራቁ ጋር አየር ይውጣል፤ አየሩ ሆዱን ይነፋል፤ የተነፋው ሆድ መልሶ ያቅለሸልሻል። ይህን ክብ የቆረጠው ያ ቱቦ ነው። የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት አትርፏል፤ አሜሪካዊው ገጣሚ ኦግደን ናሽ ሳይቀር ስለ ዋንገንስቲን መምጠጫ በቀልድ ስንኝ ቋጥሯል። ዛሬም አንጀቱ የተዘጋበት ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ከሚደረግለት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ መደረግም አለበት። የእናቴም ቱቦ ሲገባ በትክክል ነበር የገባው።

ነገሩ የተበላሸው ቱቦው ከተዘጋ አንጀት ወደ ማንኛውም አንጀት በተሻገረበት ጊዜ ነው። የተዘጋውን ከረዳ ያልተዘጋውንም ይጠብቃል፤ ስፌቱ እንዳይወጠር፣ ታማሚው እንዳያስታውክ ያደርጋል ተብሎ ታሰበ። ማንም ክፉ አላሰበም። በአሥርት ዓመታት ውስጥ ሆዱ የተከፈተ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ቱቦ ይዞ ከማደንዘዣ የሚነቃበት ሥርዓት ጸና። ከዚህ ሥርዓት ጋር «አየር እስኪወጣ ምንም አይቅመስ» የሚለው ሕግ ተጋባ። ሁለቱ ተደጋግፈው ቆሙ፤ ቱቦ ስላለ አይበላም፤ ስለማይበላ ቱቦው ይቆያል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንዳንድ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ያለ ቱቦ ብዙ ሰው እንዳከሙ ቢጽፉም ሰሚ አላገኙም።

በ1995 ዓ.ም. ግን 26 ጥናቶችንና 3,964 ታማሚዎችን ያካተተ ድምር ትንተና ታተመ። ውጤቱ ሁለት ፊት ነበረው፤ ሁለቱንም መናገር ይገባል። ቱቦ ያልገባላቸው ሰዎች በርግጥ ትንሽ በርከት ብለው አስታውከዋል፤ ሆዳቸውም ነፍቷል። በሌላ በኩል ትኩሳትና የሳንባ ምች የበዛው ቱቦ በያዙት ላይ ነበር፤ ምግብ የጀመሩትም ዘግይተው ነው። በኋላ ላይ ቱቦ ማስገባት ግድ ለሚሆንበት ለአንድ ሰው ሲባል፣ ቢያንስ 20 ሰዎች ያለ ቱቦ በሰላም እንደሚያልፉ ተሰላ። ከ12 ዓመት በኋላ ከ5,000 በላይ ታማሚዎችን ያየ ሌላ ግምገማ ያንኑ አጸና። ከዋንገንስቲን ጠርሙሶች እስከዚህ ድረስ 60 ዓመት ያህል አልፏል። ስንት ሰው በስንት ሌሊት በዚያ ቱቦ ጉሮሮው ቆስሏል የሚለውን የሚቆጥር የለም። እኔ ሳስበው የሚከብደኝ ስህተቱ አይደለም፤ ጉሮሮዬን አመመኝ የሚለው ድምፅ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከየአልጋው ሲሰማ መኖሩ ነው። የታማሚ ቃል ማስረጃ ለመሆን ቁጥር እስኪለብስ መጠበቅ ነበረበት።

ስለ አልጋና ስለ ምግብ ያለው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ ምክንያቱም መልሱ ገና ከጅምሩ ተጽፎ ነበር። በ1899 ዓ.ም.፣ ቤይሊስና ስታርሊንግ ስለ ነርቮቹ በጻፉበት በዚያው ዓመት፣ በቺካጎ ኤሚል ሪስ የተባለ የማኅፀን ሐኪም ሆዳቸው የተከፈተ ሴቶችን ቶሎ ምግብ እንዲቀምሱና ቶሎ ከአልጋ እንዲነሡ እያደረገ መሆኑን፣ ማገገማቸውም የፈጠነ መሆኑን በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት አሳተመ። የሰማው ጥቂት ነው። በዘመኑ ሆዱ የተሰፋ ሰው ሁለትና ሦስት ሳምንት ጀርባው ላይ ካልተኛ ስፌቱ ይተረተራል ተብሎ ይታመን ነበርና። ነገሩ የተለወጠው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም ከሳይንስ ይልቅ የአልጋ እጥረት ነበር የበረታው። ቁስለኛ ሲበዛ አልጋ ይጠፋል፤ አልጋ ሲጠፋ ታማሚው ይነሣል፤ ሲነሣም አልሞተም። ዲትሮይት ውስጥ ዳንኤል ላይትሃውዘር ስለዚሁ ጉዳይ በ1946 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዛዊው ሪቻርድ አሸር አልጋ ላይ መዋል ስለሚያስከትለው ጉዳት የጻፈው አጭር መጣጥፍ እስከ ዛሬ ይነበባል።

እነዚህን የተበታተኑ ክሮች አንድ ላይ የገመደው ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት ነው። ኮፐንሃገን አጠገብ በሚገኘው ህቪዶቭሬ ሆስፒታል ሲሠራ ያነሣው ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ቀዶ ሕክምናው ያለቀለት ሰው ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የሚቆየው ለምንድን ነው? መልሱን ሲዘረዝር ያገኘው ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ የአንጀት ዝምታ፣ ድካም፣ ቱቦና ልማድ ነው። ስፌቱ አልነበረም። ስለዚህ ሕመሙን በጀርባ በኩል በሚሰጥ ማደንዘዣ አስታግሦ ሞርፊንን ቀነሰ፤ ቱቦውን ተወ፤ ታማሚውን በዚያው ቀን አስነሣ፤ ወዲያው አበላ። በ1999 ዓ.ም. ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ወፍራም አንጀታቸው በክፍት ቀዶ ሕክምና የተቆረጠላቸው 16 ሰዎች በአማካይ በሁለት ቀን ወደ ቤታቸው መሄዳቸውን ገለጸ። በዚያ ዘመን ሳምንትና ከዚያ በላይ መተኛት የተለመደ ነበር። ብዙዎች አላመኑም። በ2001 ዓ.ም. ግን የኤድንብራው ኬን ፊሮንና የስዊድኑ ኦሌ ዩንግቅቪስት የጥናት ቡድን አቋቁመው አሠራሩን ወደ ሌሎች አገሮች ማዳረስ ጀመሩ።

ሞርፊን ካልሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ኦፒየም ተቅማጥ እንደሚያቆም ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ለተቅማጥ መድኃኒት የሆነው ያው ነገር ለተሰፋ አንጀት እንቅፋት ነው፤ ሕመሙን ሲያስታግሥ አንጀቱን ያስተኛል፤ በላዩም ያቅለሸልሻል። ታማሚው ከሕመምና ከማቅለሽለሽ አንዱን እንዲመርጥ የተገደደባቸው አሥርት ዓመታት ነበሩ።

ስለ ማስታወክ መከላከያ መድኃኒቶች አልቆይም። በ1950ዎቹ ቦሪሰንና ዋንግ የተባሉ ተመራማሪዎች አንጎል ውስጥ በደም የሚዞሩ መርዞችን የሚያሸት ሥፍራ እንዳለ አስረዱ፤ በ1964 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ሜቶክሎፕራማይድ ተገለጠ፤ በ1991 ዓ.ም. ኦንዳንሴትሮን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ መጀመሪያ ለካንሰር ታማሚዎች፣ ኋላም ለቀዶ ሕክምና። ይበልጥ የሚማርከኝ ጀርመናዊው ክርስቲያን አፕፌልና ባልደረቦቹ በ1999 ዓ.ም. ያቀረቡት ቀላል ስሌት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማን ያስታውካል ብለው ጠየቁና አራት ነገሮችን አገኙ፤ ሴት መሆን፣ በመኪና ጉዞ የሚያቅለሸልሸው ወይም ከዚህ በፊት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያስታወከ ሰው መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሞርፊንና መሰሎቹን መውሰድ። አንዱም የሌለበት ሰው ከመቶ 10 ያህል ዕድል አለው፤ አራቱም ያሉበት ከመቶ 79። የንጉሥ ኤድዋርድን ሲጋራ አስታውሱ ያልኋችሁ ለዚህ ነው፤ ወንድና አጫሽ ነበሩ። ይህን ሰምቶ ማጨስ የሚጀምር እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ፤ ትንባሆ ቁስልንም ሳንባንም ይጎዳል። በ2004 ዓ.ም. የታተመው የአፕፌል ሰፊ ጥናት ደግሞ ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች፣ ኦንዳንሴትሮን፣ ዴክሳሜታዞንና ድሮፔሪዶል፣ እያንዳንዳቸው አደጋውን በ26 በመቶ ገደማ እንደሚቀንሱ አሳየ። ከሦስቱ ዴክሳሜታዞን ርካሽ ነው፤ በአገራችን ሆስፒታሎችም አዲስ ነገር አይደለም።

እናቴ ሴት ናት፤ ትንባሆ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ በአውቶቡስ ስትጓዝ ሎሚ ካልያዘች አትሳፈርም። ሦስቱን ነገሮች ቀድማ ይዛ ነው ወደ ጠረጴዛው የሄደችው። ማንም አልጠየቃትም። በአስቸኳይ ሌሊት ለመጠየቅ ጊዜ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ማስቲካ። ትስቁ ይሆናል፤ ቀዶ ሐኪሞችም ስቀው ነበር። ነገሩ ከፓቭሎቭ ይጀምራል፤ ሩሲያዊው ሳይንቲስት በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ውሾች የዋጡት ምግብ ወደ ሆዳቸው ሳይደርስ አንገታቸው ላይ እንዲወጣ አድርጎ፣ ምግቡ ባይደርስም ጨጓራ ጭማቂውን እንደሚያመነጭ አሳይቷል። ማኘክ ብቻውን ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ለሆድ መልእክት ይልካል። በ2002 ዓ.ም. አሳኦና ሌሎች ጃፓናውያን ሐኪሞች ይህን አስበው ወፍራም አንጀታቸው የተቆረጠላቸው ጥቂት ሰዎች በቀን ሦስት ጊዜ ማስቲካ እንዲያኝኩ አደረጉ። ቁጥራቸው 19 ብቻ ነበር፤ ያኘኩት በአማካይ በ2.1 ቀን፣ ያላኘኩት በ3.2 ቀን አየር ወጣላቸው። በኋላ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ጥቅሙ ቶሎ መብላትና መነሣት በተለመደበት ቦታ ትንሽ እንደሆነ ገልጸዋል። ይህ ራሱ ያስተምራል፤ እውነተኛ ምግብ የሚሰጠው ሰው የውሸት ምግብ ምን ያደርግለታል?

ከማስቲካው ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ በ2012 ዓ.ም. በጀርመን የተደረገ ጥናት ነው። ወፍራም አንጀታቸው የተቆረጠላቸው 80 ያህል ታማሚዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ስኒ ቡና፣ ገሚሶቹ ሙቅ ውኃ ጠጡ። ቡና የጠጡት በ60 ሰዓት ገደማ፣ ውኃ የጠጡት በ74 ሰዓት ገደማ ወደ መጸዳጃ ሄዱ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ! ጥናቱን ያቀዱት ስለ እኛ ሦስት ስኒ የሚያውቁ አይመስለኝም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ሐኪሞቹ ይወስኑ። የእኛ አስታማሚዎች ግን ጀበና ይዘው በር ላይ ሲከለከሉ መኖራቸውን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

በዚህ ፈገግታ ግን መታለል አይገባም። የኬህሌት ታማሚዎች ቀጠሮ ተይዞላቸው፣ በልተውና ተዘጋጅተው የመጡ ሰዎች ነበሩ። በእኛ አገር የአንጀት ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ አስቸኳይ ነው። የወፍራም አንጀት መጠማዘዝ በኢትዮጵያ አንጀትን ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑ በሐኪሞቻችን በተደጋጋሚ የተጻፈ ነው። ሰውየው ከገጠር ተነሥቶ፣ ሁለትና ሦስት ቀን አስታውኮ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ውኃው አልቆ ይደርሳል፤ አንዳንዴም አንጀቱ ጠቁሮ ይገኛል። እንዲህ ላለው ሰው ቱቦና ግሉኮስ ሕይወት ናቸው። ደግሞም ማቅለሽለሽ ሁሉ አንድ አይደለም። ጥሩ ሲያገግም የቆየ ሰው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን እንደገና ማስታወክ ከጀመረ፣ ሆዱ ከጠነከረና ትኩሳት ከመጣ፣ ስፌቱ አፍስሶ ወይም አንጀቱ ዳግም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አጥሚትም ቡናም ቦታ የላቸውም፤ ሐኪም መጥራት ነው። ከኮፐንሃገን የተጻፈውን ወረቀት እንዳለ አምጥቶ በየአልጋው ላይ መለጠፍ፣ የዋንገንስቲንን ቱቦ እንዳለ ወደ ሰው ሁሉ እንዳሻገሩት ሰዎች መሆን ነው።

ከዚህ ታሪክ ገንዘብ የማይጠይቀው ክፍል ግን ለእኛ ቅርብ ነው። አንድን ሴት በመኪና ያቅለሸልሽዎታል ወይ ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ቱቦው የገባበትን ምክንያት ማስረዳት፣ ምክንያቱ ሲያልፍም በዚያው ቀን ማውጣት አያስወጣም። ታማሚውን ደግፎ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለማራመድ የሚያስፈልገው ሰው በአውሮፓ ሆስፒታሎች በደሞዝ ይቀጠራል፤ በእኛ ክፍሎች ግን እያንዳንዱ አልጋ ግርጌ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፔርሙዙን አቅፎ ተቀምጧል። አስታማሚ እንለዋለን። የጉብኝት ሰዓት ሲደርስ ከክፍሉ ይወጣል፤ ሐኪሞቹ የሚሉትን ሁሉ በበሩ ስንጥቅ ለመስማት ይሞክራል። አንድ ሰው ወጥቶ፣ «ዛሬ ሦስት ጊዜ አራምዷቸው፤ አጥሚቱን በትንሽ በትንሹ፣ በማንኪያ፤ ካቅለሸለሻቸው አቁማችሁ ጥሩን» ቢለው ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ነገር ያገኛል።

የእናቴ ቱቦ የወጣው በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ነርሷ ፕላስተሩን ከአፍንጫዋ ላይ ቀስ ብላ አላቀቀችና፣ «እማማ፣ ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉ» ብላ በአንድ ስበት አወጣችው። እናቴ ለረጅም ጊዜ ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ ዝም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ማን እንደፈጠረው ጠየቀችኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም።